«ሒሳብ የፈራ ወደ ሶሻል!»

ርእሱ የኛ አይደለም። ከአሥረኛ ክፍል ማብቂያ ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በየቡና ጠጡ፣ በየዘመድ ጥየቃው የሚደጋገም ፍርድ ነው። ፍርድ እንላለን፤ ምክር ቢሆን ኖሮ «ምን ትወዳለህ? ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ በጀመረ ነበር። ይህኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሒሳብ ስንት አመጣህ? ሰማንያ ያመጣ ናቹራል፣ አርባ ያመጣ ሶሻል። አለቀ፣ ደቀቀ! ታሪክ የሚወደው ልጅ ሰማንያ ካመጣ «ጭንቅላትህን አታባክን» ይባላል። ከብት ማከም የምትመኘዋ ልጅ አርባ ካመጣች «ለሷ ቋንቋ ይበቃታል» ይባላል። ይበቃታል! ቋንቋና ታሪክ የወደቀ ሁሉ ዝናብ እስኪያባራ የሚጠለልባቸው ጣራዎች ሆኑ ማለት ነው።

እኛ የቋንቋ፣ የታሪክና የፍልስፍና ተማሪዎች በዚህ አባባል ላይ ክስ አለን። ክሳችን ግን በዶርም እንደሚሰማው «ሒሳብ ለኛ ምን ያደርግልናል» የሚል አይደለም። እንዲያውም እንዲህ የሚሉትን ጓደኞቻችንንም አብረን እንከሳለን። ሒሳብ ለኛም ነው፤ ከኛ ተወስዶብናል፤ ይመለስልን ነው የምንለው።

በቅድሚያ አጥሩ ራሱ ውሸት ነው። ሒሳብን ሸሽቶ ሶሻል የገባ ተማሪ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሒሳብን ያገኘዋል፤ ለሶሻል የተዘጋጀ የራሱ ሒሳብ አለውና። ይህን አለፍኩ ብሎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፍሬሽማን ላይ «ማቲማቲክስ ፎር ሶሻል ሳይንስስ» በር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል። ኢኮኖሚክስ ከደረሰውማ ካልኩለሱ፣ ሊኒየር አልጀብራው፣ ኢኮኖሜትሪክሱ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ሶሲዮሎጂና ሳይኮሎጂ ስታቲስቲክስ አላቸው። ጂኦግራፊ ያለ ልኬት ሥዕል እንጂ ካርታ አይሆንም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ታዲያ ሸሽቶ ምን አተረፈ? ያተረፈው ነገር ቢኖር ሳይዘጋጅ መያዝን ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። የዚያ የፍሬሽማን ሒሳብ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ አመክንዮ! «ሀ ከሆነ ለ ነው» የሚባለው መቼ እውነት፣ መቼ ሐሰት እንደሆነ ያስተምራል። በዚያው ዓመት ደግሞ ሁላችንም «ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ» እንማራለን። አንዱን የሚያስተምሩት የሒሳብ መምህር፣ ሌላውን የፍልስፍና መምህር ናቸው። በሎጂክ ኤ ያመጣው ልጅ በሒሳቡ ምዕራፍ አንድ ላይ ሲደርስ «እኔ ቁጥር አይገባኝም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ኧረ የት አለ ቁጥሩ? በዚያ ምዕራፍ ቁጥር የለም እኮ! ያለው «እና»፣ «ወይም»፣ «ከሆነ» ነው። ሦስቱም የኛ የሰዋስው ተማሪዎች ቃላት ናቸው። ያስፈራው ትምህርቱ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ያሉትም ቢሆኑ መርጠው የሄዱ አይምሰሉን። ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ለዓመታት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ የተቀበሉት 70 በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስና ለሰብአዊ ጥናት በሚል ድልድል ነበር። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል መባሉን አንጠላም። ነገር ግን በድልድል ተገፍቶ ኢንጂነሪንግ የገባውና በፍርሃት ተባርሮ አማርኛ የገባው፣ ሁለቱም ያው ናቸው። ሥራቸውን የመረጠላቸው የአንድ የትምህርት ዓይነት ውጤት ነው። ፍርሃት የመረጠው ሞያ ደግሞ ምርጫ አይባልም፤ ሽሽት ነው የሚባለው።

ለመሆኑ ይህ የቃልና የቁጥር ፍቺ ከየት መጣ? ከዚህ አገር አልበቀለም። የቅኔና የመጽሐፍ ትርጓሜ ባሉበት በዚያው በቤተ ክህነቱ ትምህርት ውስጥ ባሕረ ሐሳብ አለ። ቅኔ የሚዘርፈው ባሕረ ሐሳብ ሲማር «ናቹራል ገባ» ያለው አልነበረም። ባሕረ ሐሳብን ስሙን ብቻ ለምናውቀው ደግሞ አሠራሩን በዚህ በ2018 ዓ.ም. እንየው፤ እርሳስ አንሡ።

በ2018 ላይ 5500 ይደመራል፤ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለ19 አካፍሉት፤ 13 ይተርፋል። ከትርፉ አንዱን ለዘመኑ ቀንሱ፤ 12 ይቀራል፤ ስሙ ወንበር ነው። ወንበርን በ11 አባዙት፤ 132። ሠላሳ ሠላሳውን ግደፉ፤ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። እንደገና ወንበርን በ19 አባዙት፤ 228። ሠላሳ ሠላሳውን ግደፉ፤ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተሳስታችኋል፤ መምህር ሳያስፈልግ ስሌቱ ራሱን ያርማል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓሉ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ ቀኑ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው። 18 ሲደመር 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ይገባል፤ ከሱ 69 ቀን ቆጥራችሁ ትንሣኤን ሚያዝያ 4 ታገኙታላችሁ።

ይህ ምንድን ነው? በሒሳብ ዲፓርትመንት ሰሌዳ ላይ «ሞዱሎ 30»፣ «ሞዱሎ 19» ተብሎ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው የትርፍ ሒሳብ ነው እንጂ ሌላ አይደለም! 19ኙ የመጣው 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሊገጥም ጥቂት ስለሚቀረው ነው። 11ዱ ደግሞ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት የቀን ብዛት ነው። ታዲያ ግእዝ የሚያጠናው ተማሪያችን ሒሳብ ፈርቶ ግእዝ ገባ ሲባል የሚስቅበት ማን ይሆን? የብራና መዝጊያ ላይ «ወንበር ይህን ያህል፣ አበቅቴ ይህን ያህል በሆነበት ዘመን ተጻፈ» የሚል ካጋጠመው ዘመኑን የሚያወጣው በምንድን ነው፤ በእንባ?

ኦቶ ኖይገባወር የተባለ ሰው ነበር። በጀርመን አገር በጎቲንገን ሒሳብ የተማረ፣ በኋላም አሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የጥንት ሥነ ፈለክና ሒሳብ ታሪክ ያስተማረ ምሁር ነው። ይህ የሒሳብ ሰው የግእዝ ብራናዎችን አገላብጦ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ዘመን አቆጣጠር በ1979 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናታዊ መጽሐፍ አሳተመ። በኛ በኩል ደግሞ የሥነ ጽሑፍና የሴም ቋንቋዎች ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» የሚለውን መጽሐፋቸውን በ1993 ዓ.ም. አወጡ። ልብ በሉ፤ የሒሳቡ ሰው ወደ ብራናው መጣ፣ የብራናው ሰው ወደ ሒሳቡ ሄደ፣ መንገድ ላይ ተገናኙ። ያገናኛቸውን መንገድ ነው ለኛ አጥር ያጠሩበት።

የሌላውም አገር ነገር ከዚህ አይለይም። ዑመር ኻያምን የምናውቀው በግጥሙ ነው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ይኸው ሰው የሦስተኛ ደረጃ እኩልታዎችን በጂኦሜትሪ የፈታና ለፋርስ ዘመን አቆጣጠር መታረም የሠራ ነበር። አልጀብራ የሚለው ቃል ራሱ የወጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ አል-ኸዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው። የሕግ ተማሪዎች ስሙ! የዚያ መጽሐፍ ትልቁ ክፍል የሚያወራው ስለ ውርስ አከፋፈል ነው። ባል ሞቶ ሚስት፣ እናትና ልጆች ቢቀሩ፣ ሟቹም ኑዛዜ ቢኖረው ለማን ስንት ይድረስ ነው ጥያቄው። አልጀብራ የዳኛና የነጋዴ መሣሪያ ሆኖ ተወለደ፤ ዛሬ የሕግ ተማሪው «ኤክስ ካየሁ ያመኛል» ይላል።

«ይህ ሁሉ የድሮ ወሬ ነው፤ ለሥራችን ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ሥራ እንምጣ።

ከኛ ብዙዎቹ ጋዜጠኛ መሆን ይመኛሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ወጣ። ዜናው «ብር በ30 በመቶ ወደቀ» አለ። እውነት ወደቀ? ዶላሩ በ30 በመቶ ተወደደ፤ ይህ ልክ ነው። ብሩ ግን ከዋጋው ያጣው 23 በመቶ ነው፤ 57.48ን ለ74.73 አካፍሎ ማየት ነው። ማካፈል የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አይደለም እንዴ? 100 ብር በ30 በመቶ ጨምሮ በ30 በመቶ ቢቀንስ ወደ 100 አይመለስም፤ 91 ነው የሚሆነው። ይህን የማያውቅ ጋዜጠኛ የሚሰጠውን መግለጫ እንደ በቀቀን ከመድገም በቀር ምን ምርጫ አለው?

ሌላ እንጨምር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ለውጡን ማሞገስ የፈለገ «በ69 በመቶ ገደማ አደገ» ይላል፤ አልዋሸም። ማጣጣል የፈለገ «ከመቶ ሁለት ተማሪ ብቻ ጨመረ» ይላል፤ እሱም አልዋሸም። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ አንባቢን የሚመራው ማን ነው? አራሚው አይደለም፤ አዘጋጁ አይደለም። ቁጥሩን የሰጠው ክፍል ነው። እኛ ስለ ቃላት አመራረጥ፣ ስለ ዘይቤ፣ ስለ አሽሙር አራት ዓመት እንማራለን፤ ቁጥርም አሽሙር እንደሚናገር ግን የሚነግረን አናገኝም።

ሶሲዮሎጂውስ? በአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። ስለዚህ ዛሬ «ከሕዝቡ ይህን ያህል በመቶው» ሲባል ታችኛው ቁጥር፣ አካፋዩ፣ ከ1999 ተነሥቶ በስሌት የተገመተ ነው። በሁለቱ የመጨረሻ ቆጠራዎች መካከል ዕድገቱ በዓመት 2.6 በመቶ ነበር። 70ን ለ2.6 ብታካፍሉት 27 ይመጣል፤ በዚህ ፍጥነት ሕዝብ እጥፍ የሚሆነው በ27 ዓመት ግድም ነው ማለት ነው። የዕድገቱ ግምት ትንሽ ቢዛባ ደግሞ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት ኩንታል እህል እንደሚዛባ አስቡት። ይህን የማይጠይቅ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቅ መጠይቅ በታኝ ነው እንጂ ተመራማሪ አይባልም። ቃሉ ከረረ? ይክረር!

አሁን ደግሞ ወደ ሰቃዮቹ ግቢ እንሻገር፤ እዚያም ቤት እሳት አለና። በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። በሐርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ሆስፒታሎች ለሚገኙ 60 ሰዎች፣ ለተማሪዎችም ለሐኪሞችም፣ አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ከ1000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ። ምርመራው ጤነኛውን ከ100 አምስቱን በስሕተት «ታመሃል» ይላል። አንድ ሰው ተመርምሮ «ታመሃል» ቢባል እውነት የመታመሙ ዕድል ስንት ነው? ወደ ግማሽ የሚጠጉት «95 በመቶ» አሉ። በትክክል የመለሱት 11 ብቻ ነበሩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ 1000 ሰው አስቡ፤ በሽተኛው አንድ ነው፤ በስሕተት የሚያዙት ወደ 50 ናቸው፤ ስለዚህ «ታመሃል» ከተባሉት 51 ውስጥ የታመመው አንዱ ነው። ሁለት በመቶ! እነዚህ ሰዎች ካልኩለስ ወድቀው አልነበረም ሕክምና የገቡት። ያለፉበት ወንፊት ሌላ፣ ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸው ሒሳብ ሌላ ሆኖ ነው።

ነጥባችንም እዚህ ላይ ነው። ሒሳብ አንድ መሰላል ተደርጎ ቀርቦልናል፤ ታች መደመር፣ ላይ ካልኩለስ። ከመሰላሉ በወደቅህበት እርከን ልክ ዕጣህ ይሰጥሃል። ነገር ግን ሒሳብ መሰላል ሳይሆን እንደ መርካቶ ነው፤ ብዙ ተራ አለው፣ በብዙ በር ይገባል። ለድልድይ ሠሪው ካልኩለስ፣ ለሐኪሙ የዕድል ስሌትና ንጽጽር፣ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊው አመክንዮ፣ ለታሪክ ሰው የዘመን ስሌት፣ ለዜማ አጥኚው ክፍልፋይ፣ ለሸማኔው የድርና የጥለት ቆጠራ። የመርካቶዋ በርበሬ ሻጭ «ኪሎው ይህን ያህል ከሆነ ሩብ ጉዳይ ስንት ነው» ሲሏት ወረቀት ፍለጋ አትዞርም። ሒሳብ አይገባትም ያላት የለም፤ በዚያ ክፍል ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ግን አይቀርላትም ነበር።

ሴት እህቶቻችን ላይ ይህ ነገር እጥፍ ነው። ወንዱ ሒሳብ ሲወድቅ «አላጠናህም» ይባላል፤ ሴቷ ስትወድቅ «የሴት ነገር» ይባላል። አንዱ ጉድለት በጊዜ ይታረማል፣ ሌላው ተፈጥሮ ተደርጎ ይታተማል። ከዚያ በኋላ «ኢንጂነሪንግ ውስጥ ሴት ለምን አነሰች?» ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

እርግጥ፣ «አእምሮ ሁለት ዓይነት ነው፤ የቃልና የቁጥር» የሚሉ አሉ። ሰው ዝንባሌ እንዳለው አንክድም። አንዱ ጓደኛችን ስንኝ ሲሰማ ይነቃል፣ ሌላው እንቆቅልሽ ሲፈታ። ግን ዝንባሌ የት መሄድ እንደምትወድ ይነግርህ ይሆናል እንጂ ከየት እንደተከለከልክ አይነግርህም። ደግሞስ ቤት መምታትና ሐረግ መለካት መቁጠር አይደለም? ሰምና ወርቅ የሚፈታ ጭንቅላት እኩልታ አይፈታም ያለው በምን መዝኖ ነው?

ገጣሚ ሁሉ ካልኩለስ ይማር አንልም። ማንም ሰው የማይወደውን ሞያ ይያዝም አንልም፤ እንዲያውም የተነሣነው ለዚሁ ነው። የምንለው ግልጽ ነው። ዲፓርትመንቶቻችን ከፍሬሽማን በኋላ የቁጥርን በር ግጥም አድርገው መዝጋታቸውን ይተዉ። ለታሪክና ለግእዝ ተማሪ የዘመን ስሌት፣ ለጋዜጠኝነት ተማሪ መቶኛና ናሙና፣ በምርጫ ኮርስነት ይሰጥ፤ የሚያስተምሩትም በቀመር ችከላ ሳይሆን ከኛው ጽሑፍ፣ ከኛው ጋዜጣ ምሳሌ እየወሰዱ ይሁን። የሒሳብ ዲፓርትመንት ጓደኞቻችንም በተራቸው ከኛ ዘንድ ይምጡ፤ ጥሩ ማረጋገጫ ጽፈው በቅጡ ማስረዳት የሚያቅታቸው ስንቶች እንደሆኑ እናውቃለን። አንደብቅም፤ ቢሯቸው ሄደን ብንጠይቃቸው እምቢ የሚሉን አይመስለንም።

ኮርሱ እስኪመጣ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ከላይ ያሳየነው የ2018 ነው። የ2019 ዓ.ም. ጾመ ነነዌና ትንሣኤ በስንት በስንት ይውላሉ? ለዚህ ሦስት ነገር ብቻ እንጨምርላችሁ፤ መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በዓሉ የሚውለው በጥቅምት ነው፣ ጾመ ነነዌም የካቲት ውስጥ ይገባል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ይውላል። የቀን መቁጠሪያ ገልጦ መቅዳት ኩረጃ ነው። ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን በመስመር በመስመር እየጻፋችሁ አሠራራችሁን ለአዘጋጆቹ ስጡ፤ በሚቀጥለው ቁጥር በዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን። ከሶሻል የመጣውንና ከናቹራል የመጣውን አንለይም፤ ስም ብቻ ጻፉ።